በትርንጎ አጥንት ላይ የተሰጠ ፈቃድ

የማር ውሃ ወረዳ ሬዲዮ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲከፈት አስቀድሞ የሚያነበው የግድቡን ውሃ ደረጃ ነው። ደረጃ ሲባል የከፍታው አይደለም፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ምን ያህል እርሳስ፣ ምን ያህል ካድሚየም፣ ምን ያህል ክሮሚየም እንዳለ ነው። ቁጥሩ ከትናንቱ ከፍ ካለ አንባቢው ድምፁን ሞቅ አድርጎ አድማጮቹን እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ዝቅ ካለ ደግሞ ከግድቡ በላይ ያሉት ፋብሪካዎች ለጥገና መቆማቸውን ጠቅሶ ምርታማነቱ በቅርቡ እንደሚመለስ ያጽናናል። ከዚያ የአየር ትንበያው ይቀጥላል።

ወይዘሮ አልጋነሽ ውበቱ ይህን የሚሰሙት የላስቲክ ቦት ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። በ2097 ዓ.ም. ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ከግድቡ በሚወርደው ዋና ቦይ ዳር ሁለት ጥማድ መሬት አላቸው፤ ቀይ ሽንኩርት ያመርቱበታል።

ልጅ ሳሉ ስለዚህ ውሃ ሌላ ነገር ይባል እንደነበር ያስታውሳሉ። ያኔ ውሃው "ተበክሏል" ነበር የሚባለው። ላይኛው ተፋሰስ ያሉት የባትሪ ማቅለጫዎችና የቆዳ ፋብሪካዎች ዝቃጫቸውን ወደ ወንዙ እንዳይለቁ የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ፤ በጠርሙስ ናሙና የሚወስዱም ይመጡ ነበር። ውሃው ከተፈቀደው መጠን ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲገኝ የተፈቀደው መጠን በአራት እጥፍ ተሻሻለ። ከዓመታት በኋላ እንደገና አለፈ፤ እንደገና ተሻሻለ። ውሃውን ወደ መስፈርቱ ማውረድ ስላልተቻለ መስፈርቱ ወደ ውሃው ወጣ። በ2078 ዓ.ም. ነገሩ የማያዳግም እልባት አገኘ፤ ይህን ያህል ብረት የያዘ ውሃ በሕግ ዓይን ውሃ ሳይሆን ማዕድን ነው ተባለ። "ብክለት" የሚለው ቃል ከመንግሥት ወረቀት ወጥቶ "ክምችት" ገባ። የመስኖ ጽሕፈት ቤቱ ታፔላ ተነቅሎ "የፈሳሽ ማዕድን ልማት ጽሕፈት ቤት" የሚል ተሰቀለ። ሠራተኞቹ እነዚያው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የወይዘሮ አልጋነሽ ሽንኩርት ወደ ገበያ አይሄድም። ወደ ማቅለጫ ነው የሚሄደው። እዚያ ተቃጥሎ ብረቱ ከአመዱ ይለያል። መኪናው ሲመጣ ገዢዎቹ ሽንኩርቱን አገላብጠው አያዩም፤ ላዩ ላይ አንዲት መሣሪያ አስጠግተው ቁጥር ያነባሉ። የበሰበሰ ቢሆን ግድ የላቸውም። በወረዳው ሱቆች ከሌላ አካባቢ የመጣ "የሚበላ ሽንኩርት" ተለይቶ ይሸጣል፤ ግን ውድ ስለሆነ ሰዉ የሚገዛው ለሠርግና ለተዝካር ነው። በሌላው ቀን ማዕድኑን ከትፎ ወጥ ይሠራል።

በወረዳው ንጹሕ ውሃ የሚጠጡት ላሞች ብቻ ናቸው። በቦዩ ታችኛ ጫፍ ያለው የወተት እርባታ ምርቱን ወደ ውጭ ስለሚልክ ለሦስት መቶ ላሞች የሚሆን ማጣሪያ አለው፤ ገንዳዎቹ ባለ ቁልፍ ናቸው፤ ዘብም አላቸው። እንዲያም ሆኖ የላም ውሃ በጀሪካን እየሾለከ ይወጣል። ሰው ሲታመም፣ ሴት ስትወልድ፣ አንዳንዴም እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል። በእንግዳ ፊት የግድቡን ውሃ ማቅረብ ነውር ነው፤ ባይባልም ሁሉም ያውቀዋል።

የእርባታው ማጣሪያ ተቆጣጣሪ የወይዘሮ አልጋነሽ ልጅ ትርንጎ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ስድስት ጊዜ አርግዘው የጸናችላቸው እሷ ብቻ ናት። የአምስቱ ውርጃ ምክንያት በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ "ሌላ" ተብሎ ተሞልቷል። ትርንጎ በየቀኑ አርባ ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለላሞች ታሳልፍና ወደ ቤቷ ስትመለስ ከቧንቧው የግድቡን ውሃ ትጠጣለች። ከጠዋት እስከ ማታ ራሷን ያማታል። ሌሎቹንም ስለሚያማቸው ራስ ምታት የራስ ባሕርይ ይመስላት ነበር።

እዚያው እርባታ ከታፈረ ጋር ተዋወቁ። ታፈረ የወተት ቦቴ ሾፌር ነው፤ ቤተሰቡ ደጋ ላይ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው የሚኖረው። ወተት እስኪሞላለት ድረስ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ዓመት ከመንፈቅ ከጠበቃት በኋላ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ የላም ውሃ ተሰጣቸው፣ ስለ ዘርና ስለ ጠባይ ተጠየቀ፣ ለጥር ቀን ተቆረጠ። ከመሐላቸው አንዲት የታፈረ አክስት ብቻ ሲወጡ ወይዘሮ አልጋነሽን ጎተት አድርገው፣ የማር ውሃ ሴቶች ጽንስ አይጸናላቸውም ስለሚባለው ነገር ጠየቋቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ዋሹ። አምስቱን ደብቀው አንዷን አሳዩ።

ጋብቻው በቀበሌ በተመዘገበ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። የፈሳሽ ማዕድን ልማት ጽሕፈት ቤት፣ በወይዘሪት ትርንጎ አጥንት ውስጥ በሚያዝያው ቆጠራ የተመዘገበ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ግራም እርሳስ "በጋብቻ ምክንያት" ከወረዳው ሊወጣ መሆኑን እንደደረሰበት ገልጾ፣ ዝውውሩ የተከለከለ መሆኑን በትሕትና ያስታውቃል።

ቆጠራው በየዓመቱ የሚደረግ ነው። ሰዉ በቀበሌው አዳራሽ በረድፍ ተቀምጦ ቅልጥሙ ላይ መሣሪያ ይታሰርለታል፤ ግማሽ ሰዓት ይቆይና ቁጥሩ በቤተሰብ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ከስምንት ዓመት በፊት በወጣ ሁለተኛ አዋጅ ማዕድን በመሬት ውስጥም ይገኝ በሰው ውስጥ የሕዝብ ሀብት ነው። ነዋሪው ተሸካሚ ነው። ተሸካሚ ለሐዘንና ለገበያ እስከ አምስት ቀን መውጣት ይችላል፤ ጠቅልሎ መሄድ ግን ክምችት ማሸሽ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ልብ አላለውም። ማር ውሃን ለቆ የሚሄድበት ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

ወይዘሮ አልጋነሽ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የፈቃድ ክፍል ኃላፊው አቶ እሸቴ የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ የአካባቢው ተወላጅ ስለሆነ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ልጄ ልታገባ ነው እንጂ ማዕድን ልትሸጥ አይደለም አሉት። አቶ እሸቴ ይህን እንደሚረዳ፣ ጽሕፈት ቤቱም የልጅቷን መሄድ በፍጹም እንደማይቃወም፣ የሚቃወመው የአንድ ነጥብ ዘጠኝ ግራሙን መሄድ ብቻ እንደሆነ አስረዳቸው። እሱን ትታው ከሄደች የሚሸኛት ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አበባ ይዞ ነው።

"እንዴት አድርጋ ነው የምትተወው?" አሉ።

"እሱ የጤና ጉዳይ ነው፣ እማማ። ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።"

ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ፋናዬ የምትባለው ነርስ ትርንጎን ያዋለደቻት ናት፤ ጡረታዋ ደርሷል። ወይዘሮ አልጋነሽ ልጃቸው ከመርዝ ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ጠየቁ። ሲስተር ፋናዬ ሳትመረምር ጻፈችላቸው፤ በወረዳው ከ2078 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም የብረት መመረዝ ስላልተመዘገበ ወረቀቱ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። ወይዘሮ አልጋነሽ ደስ ብሏቸው ወደ አቶ እሸቴ ተመለሱ። አቶ እሸቴ ወረቀቱን አንብቦ ትክክለኛ መሆኑን አረጋገጠ። ልጅቷ ምንም መርዝ የለባትም። ያለባት ሀብት ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በሚያዝያው ቆጠራ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅልጥም ላይ ያነበቡት ቁጥር ያው ነው፤ የጤናው ወረቀት ላይ ዜሮ የሚሆነው ዓምዱ ስለተሰረዘ ነው።

በዚያው ሳምንት ሲስተር ፋናዬ ከሥራ ስትወጣ በወይዘሮ አልጋነሽ ማሳ በኩል አለፈች። ሽንኩርቱ መሐል ቆማ የነገረቻቸው ነገር ከደብዳቤው የከፋ ነበር። እርሳስ አጥንት ውስጥ ይተኛል አለቻቸው። ሴት ስታረግዝ ጽንሱ አጥንቱን የሚሠራው ከእናቱ አጥንት ወስዶ ነው፤ ያን ጊዜ የተኛው ይነሣል። ስለዚህ ትርንጎ ዛሬ ሾልካ ብትጠፋ እንኳ ይዛው ነው የምትሄደው። የሚያወጣ መድኃኒት እንዳለም ነገረቻቸው። በዞኑ ሆስፒታል መጋዘን ውስጥ አለ። ግን የሚታዘዘው ለመመረዝ ነው፤ መመረዝ ደግሞ በሽታ ሆኖ ከመዝገብ ስለወጣ ማንም ሐኪም ሊያዘው አይችልም።

"አምስቱንም ጊዜ ታውቂ ነበር?" ብለው ጠየቋት ወይዘሮ አልጋነሽ።

ሲስተር ፋናዬ መሬት መሬት እያየች፣ "'ሌላ' ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች።

ወይዘሮ አልጋነሽ መቆፈሪያቸውን አንሥተው ወደ ቦዩ ሄዱ፤ ውሃውን ዘጉት። ሽንኩርቱ ውሃ የሚጠጣበት ቀን ነበር፤ ግን ያን ቀን አላጠጡም።  በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን ጠርተው አዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድታነብላቸው አዘዟት። ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸው ደህና ነው። ትርንጎ ግንባሯን በአንድ እጇ ይዛ አርባ ሁለት ገጽ አነበበች። አሥራ አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ እናቷ አስቆሟት፤ እንደገና እንድታነበው አደረጉ። ማንኛውም ነዋሪ በወረዳው በሚገኝ ማናቸውም ክምችት ላይ በአነስተኛ ደረጃ የማውጣት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ለማውጣት የሚያስፈልገውን ግብዓት ካለው መጋዘን ያቀርባል።

"ማናቸውም ይላል?"

"ማናቸውም ይላል።"

በማግሥቱ ወይዘሮ አልጋነሽ በልጃቸው ላይ የማዕድን ማውጣት ፈቃድ ለመጠየቅ አቶ እሸቴ ፊት ተቀመጡ። አቶ እሸቴ መጀመሪያ በትክክል ያልሰማ መስሎት ቅጹን አወጣ። ቅጹ ለድንጋይ ካባና ለወርቅ አጣቢ የተዘጋጀ ነው፤ ሌላ ቅጽ የለም። ክምችቱ የሚገኝበት ቦታ ሲል ጠየቀ፤ አሁን ሥራ ላይ ናት፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤት ትገባለች አሉት። ጥልቀቱ? ከቆዳ በታች ሁለት ጣት ያህል። በቦታው ላይ የሰፈረ ሰው አለ? አለ፣ እሷው ናት። ፈንጂ ይጠቀማሉ? አልጠቀምም። በሥራው ምክንያት የሚፈናቀል ቤተሰብ ይኖራል ወይ ለሚለው ወይዘሮ አልጋነሽ ጥቂት አሰቡና፣ እግዜር ካለ በጥር አንድ ሰው ይፈናቀላል አሉ።

አቶ እሸቴ ብዕሩን አስቀመጠ። አዋጁን ከመሳቢያ አውጥቶ ገጽ በገጽ አገላበጠ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዓመቱ ዕቅድ አርባ አዲስ ፈቃድ ይላል፤ የተሰጠው ዜሮ ነበር።

"እማማ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ይህን የሚከለክል አንቀጽ አጣሁ።"

"ደህና ፈልገሃል?"

"ፈልጌአለሁ።" ማኅተሙን አነሣ። "እንዳላገኝም ፈልጌ ነበር።"

በዚህ ዓይነት ትርንጎ በኅዳር መጀመሪያ ወደ ዞኑ ሆስፒታል ገባች። በሆስፒታሉ መዝገብ የተመዘገበችው በሕሙማን ሳይሆን በፕሮጀክት ክፍል ነው። አልጋዋ ራስጌ ላይ በስሟ ፈንታ የፈቃድ ቁጥር ተለጠፈ። መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣታል፤ የሚወጣው ሽንት በታሸገ ጠርሙስ ተጠራቅሞ ወደ ማቅለጫው ይላካል። በፈቃዱ ላይ ሥራው እስኪያበቃ ድረስ "በቦታው ላይ አዲስ ክምችት እንዳይፈጠር" የሚል ግዴታ ስላለ ከሌላ ዞን በመጣ የታሸገ ውሃና ምግብ ብቻ ነው የምትኖረው። እናቷ ከቤት የጋገሩትን ዳቦ ይዘው ሲመጡ በር ላይ ተወሰደባቸው።

በአሥረኛው ቀን ትርንጎ ጠዋት ነቅታ ጭንቅላቷን በእጇ ዳሰሰች። የሆነ ነገር ጎድሎባታል። ነርሷን ጠርታ መድኃኒቱ አንጎሌን አደንዝዞታል ብላ አመለከተች። ነርሷ መርምራ ምንም አላገኘችም። ቀኑን ሙሉ ስታስብ ቆይታ፣ ማታ እናቷ ሲደውሉላት የጠፋው ራስ ምታቷ መሆኑን ነገረቻቸው።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ኩላሊቷ ታመመ። እግሯ አበጠ፤ ትኩሳት ያዛት። ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ባለ ፈቃድ ከማዕድን ቦታው ስለማይከለከል፣ ስድስት ቀን ከሆስፒታሉ ኮሪደር አልወጡም። ታፈረም ቦቴውን ውጭ አቁሞ እየመጣ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር፤ ወተቱ እንዳይበላሽ ሞተሩን አያጠፋም፤ ከመስኮቱ ሥር ሲያጓራ ይሰማል። በአራተኛው ቀን ከማዕድን ጽሕፈት ቤቱ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። በፈቃዱ ደንብ መሠረት ጉድጓድ ቢደረመስ ኃላፊነቱ የባለ ፈቃዷ መሆኑን አንብቦ ወይዘሮ አልጋነሽን አስፈረማቸው። ፈረሙ። ከዚያ ታፈረን አዩት።

"አክስትህን ዋሽቻቸዋለሁ" አሉት። "አምስት ጽንስ ወርዶብኛል።"

 "ነግረውኝ ነበር" አለ ታፈረ። "አክስቴ ሳይጠይቁ አያድሩም። ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር።"

"እና?"

"እና ይኸው ቁጭ ብያለሁ።"

በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ በትንሽ በትንሹ እንደገና ተጀመረ። ሠርጉ ከጥር ወደ ሚያዝያ ተገፋ። በመጋቢት መጨረሻ ቅልጥሟ ላይ የታሰረው መሣሪያ ለሥራ የማያዋጣ መጠን አነበበ። አቶ እሸቴ በካርዷ ላይ፣ ለተሟጠጠ ጉድጓድ የሚመታውን ማኅተም መታበት። ማኅተሙ "ያለቀለት" የሚል ነበርና "ለት" የምትለውን በብዕር አርሞ "ላት" አደረጋት። ያለቀላት ትርንጎ ሚያዝያ ላይ ተዳረች፤ በወተት ቦቴ ጋቢና ውስጥ፣ በባሏ ጎን ተቀምጣ፣ ማንም ሳያስቆማት ወጣች።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ወረዳውን አዳረሰው። ሰኔ ሳይገባ ወይዘሮ አልጋነሽን ጨምሮ አንድ መቶ አርባ ስድስት ሰው ፈቃድ አወጣ። ባል በሚስቱ ላይ፣ ሚስት በባሏ ላይ፣ አማት በምራቷ ላይ። ሁለት ወንድማማቾች በእናታቸው ላይ ማን ቀድሞ አመለከተ በሚል ተካሰው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ዳኛው ክምችቱን ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ከፍሎ አስታረቃቸው። የዞኑ ሆስፒታል ሁለት ክፍል ጨመረ። የማዕድን ጽሕፈት ቤቱ በፈቃድ አሰጣጥ ከክልሉ አንደኛ ወጣና አቶ እሸቴ ወደ ላይ ተጠርቶ ልምዱን አካፈለ። ልምዱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ሕዝቡ በራሱ ውስጥ ያለውን እምቅ ሀብት እንዲያይ ማድረግ ነው አለ። ሁሉም ጻፉት።

በነሐሴ ወይዘሮ አልጋነሽ የዓመቱ ሞዴል ማዕድን አውጪ ተብለው በቀበሌው አዳራሽ ተሸለሙ። ከክልል የመጡ እንግዶች በፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ የታሸገ ውሃ አለ። ሜዳሊያው ከምን እንደተሠራ ሲነገር አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከወረዳው ነዋሪ የወጣ ንጹሕ እርሳስ ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁላቸው ከሜዳሊያው ሥር የነጠላቸውን ጫፍ አስገቡ፤ ቆዳቸውን እንዳይነካ። ቀጥሎ ለወደፊት ምን ለመሥራት እንዳሰቡ እንዲናገሩ ማይክራፎን ተሰጣቸው።

እንዲህ አሉ፦ "አዋጁ ሰላሳ አንደኛው አንቀጽ ላይ፣ ማዕድኑ ያለቀለት ጉድጓድ ቆሻሻ እንዳይደፋበት ባለ ፈቃዱ መጠበቅ አለበት ይላል። እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ዘንድሮ የምናልቅ ጉድጓዶች ነን። ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ደግሞ በየቀኑ ይደፉብናል። ስለዚህ ቱቦው እንዲዘጋ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የእኔ ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መቶ አርባ ስድስታችንም ፈርመናል።"

 ከእንግዶቹ አንዱ የታሸገ ውሃውን ከፍቶ ጠጣ። መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ተቀብሎ፣ ወይዘሮዋ የማዕድን ልማቱን ዘላቂነት አስመልክተው ላቀረቡት ሐሳብ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ጠየቀ። ተጨበጨበ። ማመልከቻው ግን በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ነበርና ዝም ብሎ ሊጠፋ አልቻለም። ሕጉ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዛል።

መልሱ በሃያ ዘጠነኛው ቀን መጣ። አቶ እሸቴ ራሱ ይዞት ወደ ማሳቸው ወረደ። አዋጁ ተሻሽሏል። በማር ውሃ ነዋሪዎች ውስጥ ያለው ክምችት ቢወጣም ተመልሶ የሚሞላ መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ ከእንግዲህ "ታዳሽ ማዕድን" ነው። ታዳሽ ማዕድን አያልቅም። ስለዚህ "ያለቀለት" የሚለው ማኅተም ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ሰላሳ አንደኛው አንቀጽ በነዋሪው ላይ ተፈጻሚ አይሆንም፤ ቱቦውም ባለበት ይቀጥላል። መድኃኒቱ አልተከለከለም። እንዲያውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከአዝመራ በኋላ፣ ለሁሉም ይሰጣል። ሰዉ ይታጨዳል፤ ከዚያ ደግሞ ቧንቧውን ከፍቶ ይጠጣል። ከወረዳው ጠቅልሎ መውጣት ግን ለማንም አይፈቀድም፤ ማኅተሙ ከመሰረዙ በፊት እንደ ትርንጎ ከወጡት ሰላሳ አንድ ሰዎች በቀር።

አንብቦላቸው ሲጨርስ ወይዘሮ አልጋነሽ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው መለሱለት። 

"አንተስ ማን ነው ፈቃድ ያወጣብህ?" አሉት።

"ባለቤቴ።"

"ስንት ነው የወጣልህ?"

"ሁለት ግራም ከምናምን።" ወደ ቦዩ ዞሮ ውሃውን ሲያይ ቆየ። "ልጃችን ስምንት ዓመቷ ነው፣ እማማ። እስካሁን ስሟን መጻፍ አልቻለችም።"

ወይዘሮ አልጋነሽ በማሳቸው ዳር ከተሸፈነው ጀሪካን በጣሳ ቀድተው ሰጡት። የላም ውሃ ነበር፤ ትርንጎ ከሄደች በኋላም ዘቦቹ እያዘኑ ይሰጧቸዋል። ግማሹን ጠጥቶ የቀረውን በኮዳው ገልብጦ ይዞ ሄደ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁትም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ማመልከቻ አስገቡ፤ ከዚያም ሌላ። እስካሁን አሥራ ሰባት ደርሰዋል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ገና ከበር ሲገቡ አይታ ቁጥሩን ትጽፋለች።

ትርንጎ በሁለተኛው ዓመት አረገዘች። ሦስተኛው ወር አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ፣ ሰባተኛው አለፈ። ወይዘሮ አልጋነሽ ስልክ በተደወለ ቁጥር ከማንሣታቸው በፊት ይቀመጡ ነበር። በግንቦት ወንድ ልጅ ተወለደ። ብሥራት አሉት። ወይዘሮ አልጋነሽ ለአራስ ጥየቃ ለመሄድ የአምስት ቀን ፈቃድ ጠይቀው ነበር፤ በተሻሻለው አዋጅ የአምስት ቀኑም ፈቃድ ለሐዘን ብቻ ሆኗል፤ ለልደት የሚል የለም። ልጁን ወደ ማር ውሃ ማምጣትን ደግሞ ወይዘሮ አልጋነሽ ራሳቸው ከለከሉ። አንዲት ጉንጭ ውሃ እዚህ አይቀምስም አሉ።

ስለዚህ በአርባኛው ቀን ማግሥት፣ ረፋድ ላይ፣ ሁለቱም ወገን በወረዳው መውጫ ኬላ ላይ ተገናኙ። ወይዘሮ አልጋነሽ መንገዱን ከሚዘጋው ብረት ወዲህ፣ ትርንጎና ታፈረ ከብረቱ ወዲያ። የኬላው ጠባቂ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ሥራውን አክባሪ። ሕፃኑ ለተወሰነ ደቂቃ በብረቱ ላይ እንዲሻገር ተስማማ፤ ግን ወደ ወረዳው የሚገባ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ መለካት ስላለበት ፎርም አወጣ። ትርንጎ የልጁን እግር ከፎጣው ውስጥ አወጣች። ጠባቂው መሣሪያውን አውራ ጣት በማታህል ቅልጥሙ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። መሣሪያውን በጣቱ አንኳኳና እንደገና ለካ። ለሃያ ዓመት እዚያ ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይታያል።

"አዝናለሁ፣ እናቴ" አለ። "ልጁ ምንም የለውም።"

ወይዘሮ አልጋነሽ ሁለት እጃቸውን በብረቱ ላይ አሳልፈው ሕፃኑን ተቀበሉ። አቀፉት። አፈግፍገው የጠባቂው ወንበር ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ከፎጣው ቀና ሳያደርጉ ተናገሩ።

"እስቲ ልጄ፣ ድገመው።"

ጠባቂው ስሕተት የጠረጠሩ መስሎት መሣሪያውን እንደገና አስጠጋ።